ለሚሮጡ ልጆች ሰውነትን ስለ ማፍታታት

ለመንደር ትምህርት ቤቶች መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተደረገ ንግግር



ስለ ልጆች ሩጫና ስለ ሰውነት ማፍታታት እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ መጀመሪያ አፈርሁ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሯጭም ሆኜ አላውቅም። በልጅነቴ ከየኔታ እግር ሥር ቁጭ ብዬ ፊደልና ዳዊት፥ ከዚያም ዜማ ተማርሁ፤ ቀጥሎም በጽሕፈት ሥራ ገብቼ እስከ ዛሬ መዝገብ ይዤ እኖራለሁ። ስለዚህ ነገር ያለኝ ጥቂት ዕውቀት በሊቅነት የተገኘ አይደለም፤ በአንድ ልጅ ላይ ጉዳት ካደረስሁ በኋላ መጻሕፍት እየፈለግሁ፥ ሐኪሞችንና አሠልጣኞችን እየጠየቅሁ ያገኘሁት ነው። እንግዲህ ነገሩን ከዚያው ከጥፋቴ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በታኅሣሥ ወር በአንድ የደጋ ወረዳ የትምህርት ቤቶች የሩጫ ውድድር ነበረ። እኔም የሯጮቹን ስምና የገቡበትን ሰዓት እንድጽፍ ታዝዤ ሄድሁ። ማለዳው ብርቱ ውርጭ ነበረ፤ በሣሩ ላይ የወረደው አመዳይ ገና አልጠፋም። ልጆቹ ከሩቅ መንደር በሌሊት ተነሥተው መጥተው ነጠላቸውን ተከናንበው በአጥሩ ሥር ተኮራምተው ይጠብቁ ነበር። ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው «ሰውነታችሁን አፍታቱ» ተባሉ። ያን ጊዜ መሬት ላይ ቁጭ ብለው፥ እግራቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፥ የእግራቸውን ጣት ለመያዝ ይታገሉ ጀመር። አንዱም ለአንዱ ጀርባውን ከኋላ ይገፋለት ነበር።

ከመካከላቸው አንድ የ13 ዓመት ልጅ የሚገፋው ጓደኛ አጥቶ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ባለፈው ዓመት ቀድሞ የገባው እርሱ እንደ ነበረ በመዝገቡ ላይ አይቻለሁ። እኔም የረዳሁት መስሎኝ መዝገቤን አስቀምጬ ከኋላው ቆምሁና በሁለት እጄ ጀርባውን ተጫንሁት። ልጁ «ይበቃኛል ጋሼ» አለኝ። እኔ ግን ስንፍና መስሎኝ «ትንሽ ነው የቀረህ፤ በርታ» ብዬ አንድ ጊዜ አጥብቄ ገፋሁት። ወዲያው ጮኸ። በጭኑ በስተኋላ ያለው ጡንቻ ተቀዶ ኖሮ ሊቆም አልቻለም። ውድድሩ ያለ እርሱ ተጀመረ፤ እኔም በስሙ ትይዩ «አልሮጠም» ብዬ ጻፍሁ። ምክንያቱ የሚጻፍበት ዓምድ በመዝገቡ ላይ አልነበረም። አባቱም በበቅሎ ጭኖ ወደ ቤቱ ወሰደው። እንዲህ ያለው መገፋፋት በብዙ ስፍራ የተለመደ ስለ ነበረ በዚያ ቀን ማንም አልወቀሰኝም።

ስሕተቱ ምን ላይ ነው ቢሉ፥ ልጁ ብርድ እንደ ያዘው መሳቡ ነው፤ ከዚያም የሚብሰው በሌላ ሰው ኃይል መሳቡ ነው። አራሾች የሆናችሁ አባቶች ምራንን ታውቃላችሁ። ደርቆ የከረመውን ምራን በድንገት ብታጥፉት ይሰነጠቃል፤ ውኃ ነክራችሁ ካለሰለሳችሁት ግን እንደ ወደዳችሁ ይታዘዛል። የሰውም ጡንቻ በብርድ ጊዜ ይደድራል፤ ሲንቀሳቀስ ግን ደም በብዛት ይገባበታልና ሞቆ ይለሰልሳል። ይሁን እንጂ ይህ ምሳሌ እስከ መጨረሻው አያደርስም። ምራን የሞተ ቆዳ ነው፤ ጡንቻ ግን ሕያው ነው፥ ዘበኛም አለው። በጡንቻ ውስጥ መሳቡን የሚጠባበቁ ረቂቅ የነርቭ ጫፎች አሉ። ጡንቻው በድንገት የተሳበ እንደ ሆነ እነርሱ ወደ ኅብለ ሰረሰር መልእክት ይልካሉ፤ ከዚያም ፈጥኖ ትእዛዝ ይመለስና ጡንቻው ይኮማተራል። ሐኪም ከጉልበት በታች ያለውን ጅማት በትንሽ መዶሻ መታ ሲያደርገው እግር ብድግ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ልጅን ከኋላው በድንገት ስንጫነውም እኛ ወደ ፊት እንስበዋለን፥ ጡንቻው ደግሞ ራሱን ለማዳን ይሰበሰባል፤ በሁለቱ መካከል ሥጋው ይቀደዳል። በዝግታ ሲሳብ ግን ዘበኛው ይረጋጋል፥ ጡንቻውም ቀስ እያለ ይለቃል። ድመት ከእንቅልፏ ስትነሣ እዩአት፤ የፊት እግሮቿን ዘርግታ ቀስ ብላ ትንጠራራለች፤ ማንም አይገፋትም፥ እርሷም እስኪያማት ድረስ አትሄድም።

እንግዲህ ከሩጫ በፊት የሚገባው ማሞቅ ነው። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። በቤተ ክርስቲያንም ያደጋችሁ የአቋቋምን ሥርዓት ታስታውሳላችሁ። ካህናት በማኅሌት ሲቆሙ ከጽፋት አይጀምሩም። በቁም ዜማ ያደላድሉታል፥ መቋሚያ ይዘው በዝማሜ ይወዛወዛሉ፥ ከበሮ ሲገባ በመረግድ ከፍ ይላሉ፥ በጽፋትም ይፈጥናሉ። ሌሊቱን ሁሉ በእግራቸው ቆመው ያደሩ ሽማግሌ ካህን ሊነጋ ሲል እንደ ወጣት ሲያሸበሽቡ የምናየው፥ ከጸጋው ሌላ፥ ሰውነታቸው ደረጃ በደረጃ ስለ ሞቀ ይመስለኛል። የኔታ ይህን ቢሰሙ ዜማን ከሩጫ ጋር አነጻጸርህ ብለው ይቆጡኝ ነበር፤ ዳሩ ግን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ልጆቹ መጀመሪያ በፈጣን እርምጃ፥ ቀጥሎም እየተነጋገሩ ሊሮጡ በሚችሉበት ዝግታ ሜዳውን ይዙሩ። ለዚህ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል፤ በውርጭ ማለዳ ግን ጥቂት ይጨመርበት። ሰዓት የሌለው መምህር ግንባራቸውን ይመልከት፤ ጥቂት ወዝ ሲታይ ሰውነታቸው ሞቋል ማለት ነው። ከዚያም በአንድ እጃቸው ዛፍ ይዘው አንዱን እግር ወደ ፊትና ወደ ኋላ 10 ጊዜ፥ ወደ ጎንና ጎንም 10 ጊዜ ያወዛውዙ፤ ከዝቅታ ጀምረው ጥቂት በጥቂት ከፍ ያድርጉት። ጉልበታቸውን ወደ ደረታቸው እያነሡ ይራመዱ፤ ተረከዛቸውን ወደ መቀመጫቸው እያጠፉ በዝግታ ይሩጡ፤ ክንዳቸውንም በትከሻቸው ዙሪያ ያዙሩ። በመጨረሻ 50 ሜትር የሚያህል ስፍራ ሦስት ወይም አራት ጊዜ፥ በየጊዜው ፍጥነት እየጨመሩ፥ ይሩጡ። ያን ጊዜ ለውድድር ተዘጋጅተዋል።

አንዱን ጡንቻ ስቦ ሳይንቀሳቀሱ ለረጅም ጊዜ መያዝ ግን ከሩጫ በፊት አይጠቅምም። የስፖርት ሊቃውንት ደጋግመው እንደ መረመሩት፥ አንድ ጡንቻ ከ60 ሰከንድ በላይ ተስቦ ከቆየ ለጊዜው ኃይሉና ፍጥነቱ ጥቂት ይቀንሳል። ለአጭር ጊዜ ቢሳብና ከዚያ በኋላ መሮጥ ቢከተል ጉዳቱ እምብዛም ነው፤ ነገር ግን ለሩጫ የመጣ ልጅ ያለውን ኃይል ስለ ምን ያጎድላል?

የዝግታው መሳብ ስፍራው ከሩጫ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ሥጋው ሞቋል፥ ልጁም ከዚያ ወዲያ የሚጠብቀው ውድድር የለም። የሮጠ ልጅ ወዲያው እንደ ደረሰ አይቀመጥ፤ ጥቂት ይራመድ፥ ትንፋሹ ይመለስ፥ ውኃም ይጠጣ። ከዚያ በኋላ ከባቱ ይጀምር። በግድግዳ ፊት ቆሞ ሁለት እጁን በግድግዳው ላይ ያሳርፍ፤ አንዱን እግር ወደ ኋላ አድርጎ፥ ተረከዙን ከመሬት ሳያነሣ፥ ጉልበቱን ሳያጥፍ፥ ደረቱን ወደ ግድግዳው ያስጠጋ። ቀጥሎ ያንኑ የኋላውን ጉልበት ጥቂት አጥፎ ይድገመው፤ ያን ጊዜ መሳቡ ወደ ታች፥ ከባት ወደ ተረከዝ ወደሚወርደው ወፍራም ጅማት ይጠጋል። ዳገትና ቁልቁለት የሚመላለሱ ልጆች ይህ ስፍራ ይደድርባቸዋልና አይታለፍ።

የጭን የኋላ ጡንቻ፥ ይኸውም የእኔ ልጅ የተጎዳበት፥ ተቀምጦ ከመታገል ይልቅ በጀርባ ተኝቶ ቢሳብ ይሻላል፤ ወገብ አይጎብጥምና። ልጁ ነጠላ ወይም መቀነት በአንድ እግሩ መርገጫ ላይ አዙሮ፥ ሁለቱን ጫፍ በእጁ ይዞ፥ እግሩን ቀስ ብሎ ወደ ላይ ያንሣ። መቀነቱ በገዛ እጁ ስለሆነ መቼ እንደሚበቃው የሚያውቅ እርሱ ራሱ ነው። ለጭን የፊት ጡንቻ ደግሞ ቆሞ ቁርጭምጭሚቱን ከኋላ ይዞ፥ ሁለቱን ጉልበት አጋጥሞ፥ ተረከዙን ወደ መቀመጫው ያቅርብ። ለብሽሽትና ለዳሌ በአንድ ጉልበት ተንበርክኮ፥ ጀርባውን አቅንቶ፥ ዳሌውን ጥቂት ወደ ፊት ያሳልፍ። ቀኑን ሙሉ በመቀመጫ ላይ ለሚውሉ ተማሪዎች ይህ መጨረሻው እጅግ ይጠቅማል።

እያንዳንዱ እስከ 30 ሰከንድ ይያዝ፥ በየእግሩም ሁለት ጊዜ ይደገም። ሰዓት በሌለበት መንደር የክርስቲያኑ ልጅ አቡነ ዘበሰማያትን፥ የሙስሊሙም ልጅ ፋቲሓን በልቡ በእርጋታ ቢደግም ይህን ያህል ጊዜ ይሆናል። ጸሎትን ለሰዓት መለኪያ ማድረግ አይገባም የሚል አባት ቢኖር ስድስት ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ መተንፈስ ይበቃል። ትንፋሽ አይያዝ፤ እየነጠሩም መሳብ አይገባም። መሳቡ ይሰማ፥ ሕመም ግን አይሰማ። በሳምንት ሦስት ቀን ቢደረግ መልካም ነው፤ ለውጡ የሚታየው ግን ከብዙ ሳምንት በኋላ ነውና መምህር አይቸኩል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልደብቅ እናገራለሁ። ከሩጫ በኋላ የተንጠራራ ልጅ በማግሥቱ ሥጋው አያመውም እየተባለ ሲነገር ሰምታችኋል። ነገሩ በምርመራ ሲታይ ጥቅሙ በዚህ በኩል ኢምንት ነው፤ ያልለመደውን ሩጫ የሮጠ ሰው ቢንጠራራም ባይንጠራራም በማግሥቱ ያመዋል። መንጠራራት የሚሰጠው የመገጣጠሚያዎችን መፍታታት ነው፤ ይኸውም ጊዜ ይፈጃል። ያልሆነ ተስፋ የሰጠነው ልጅ በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል።

የሻምበል አበበ ቢቂላን ነገር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ፥ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካወጣ 6 ሳምንት ሳይሞላው፥ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። እኔ ግን የማደንቀው ከዚያ በኋላ ያደረገውን ነው። ሁለተኛው ሯጭ የገባው ከ4 ደቂቃ በኋላ ነበር። በዚህ መካከል አበበ አልወደቀም፥ ተሸክማችሁ አውጡኝም አላለም፤ በስታዲዮሙ ሣር ላይ ሆኖ በጀርባው ተኝቶ እግሮቹን ወደ ላይ እያነሣ፥ ተነሥቶም እየጎነበሰ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። በፊልም የተቀረጸ ስለሆነ ዛሬም ይታያል። ሕዝቡ እንደ ትንግርት አየው። ያሸነፈው በዚህ ነው አልልም፤ ያሸነፈው በብዙ ዓመት ልምምድ ነው። ነገር ግን ያን የሚያህል ሰው፥ ያን በሚያህል ቀን፥ የተማረውን ሥርዓት አልረሳም። ከኋላው ቆሞ የሚገፋውም ሰው አልነበረም።

አንዳንድ ሽማግሎች «ልጆቻችን እንጨት ይለቅማሉ፥ ከብት ይጠብቃሉ፤ ከዚህ በላይ ምን ማፍታታት ያስፈልጋቸዋል?» ይሉኛል። ጥያቄው እውነት አለው፤ ሥራ ኃይል ይሰጣል። ዳሩ ግን ሥራ ሰውነትን የሚያዘው በአንድ ወገን ብቻ ነው። ዘመኑን ሁሉ ሲያርስ የኖረ አባት ወገቡን ቀና ሲያደርግ ምን እንደሚሰማው ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። በእንስራ ውኃ የምትቀዳ ልጅ ጀርባዋ ብርቱ ነው፥ ነገር ግን ጎብጣ ትሄዳለች። መንጠራራት ሥራው ያጎበጠውን በሌላው ወገን ለማቃናት ይረዳል፤ ለሽማግሌም ቢሆን አልረፈደም፤ አረጋዊ ሰው እንዲያውም ከልጅ ይልቅ ጥቂት አስረዝሞ ቢይዝ ይጠቀማል።

የሴቶች ልጆች ነገርም ይነሣል። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሎምፒክ ወርቅ አሸናፊ ከሆነች ወዲህ ሴት ልጅ ምን ያስሮጣታል የሚል ሰው ቀንሷል። የቀረው የወላጆች ስጋት ስለ ልብስና ስለ አቀማመጥ ነው፤ ይህም ስጋት መናቅ የለበትም። ከቀሚስ ሥር ሱሪ ይልበሱ፤ ተኝተው የሚያደርጉትንም በክፍል ውስጥ ከሴት መምህርት ጋር ያድርጉት። የማንም እጅ ስለማይነካቸው ወላጅ የሚሰጋበት ነገር አይኖርም።

መምህራን ሆይ፥ የእግሩን ጣት የነካውን ጎበዝ፥ ያልነካውን ሰነፍ አትበሉ። የአጥንት ርዝመት ከልጅ ልጅ ይለያያል። የረጅም ርቀት ሯጭ እንደ ሰርከስ ልጅ መተጣጠፍ አያስፈልገውም፤ ጥቂት የጅማት ጥንካሬ እንዲያውም ሲረግጥ ያነጥረዋል። መገጣጠሚያው ከተፈጥሮው እጅግ የላላውንማ ልጅ ይልቁንም ከመሳብ ከልክሉት። ደግሞ ልጅ በድንገት በሚረዝምበት ዘመን አጥንቱ ይቀድማል፥ ጡንቻው ይከተላል፤ ስለዚህ ከጉልበቱ በታች ወይም በተረከዙ ላይ አመመኝ ቢል እውነቱን ነውና ሩጫውን ቀንሱለት፤ ሕመሙ ካልተወው ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት።

ጡንቻ የተቀደደ እንደ ሆነ ሩጫው በዚያው ይቁም። ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክሮ 15 ደቂቃ ያህል ማኖር፥ ይህንም በቀን ጥቂት ጊዜ መድገም፥ ሳያጠብቁ ማሰር፥ እግሩንም ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ይገባል። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ትኩስ ነገርና ብርቱ መታሸት ደሙን ያበዛዋል። ወጌሾችን አላቃልልም፤ የወለቀ ትከሻ የመለሱ ብልሆች አውቃለሁ። ነገር ግን ያ ልጅ በማግሥቱ በቅቤ አጥብቀው ቢያሹት እግሩ አብጦ ጠቆረ፤ ሕመሙም ረዘመ። እግሩን መርገጥ ያቃተው ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ሲሻለውም መጀመሪያ ያለ ሕመም ይራመድ፥ ቀጥሎ በዝግታ ይሩጥ፥ ፍጥነት ከሁሉ በኋላ ይምጣ።

እኔም ከ7 ሳምንት በኋላ አንድ ሽማግሌ ይዤ ይቅርታ ለመጠየቅ ወደ ልጁ ቤት ሄድሁ። አባቱ በክብር ተቀብለው አስቀመጡኝ፥ ጠላም ቀዱልኝ። ሽማግሌው ነገሩን ከጨረሱ በኋላ አባቱ «ጭኑስ ይድናል፤ እኔን ያሳዘነኝ ልጁ ይበቃኛል ሲል አለመስማትዎ ነው» አሉኝ። የምመልሰው ቃል አላገኘሁም። ልጁ በሚቀጥለው ዓመት ሮጦ 6ኛ ሆኖ ገባ፤ እኔም ጻፍሁት። ያን ጊዜ ልጆቹ ሜዳውን ሲዞሩ ቆይተው ነበር የተሰለፉት።

ፀሐይዋ አሁን ሞቅ ብላለች፥ ልጆቹም በሜዳው ይጠብቁናል። ወጥተን እንያቸው፤ መጀመሪያ ሁለት ጊዜ በዝግታ ይዞራሉ፥ ከዚያም የነገርኋችሁን በየተራ ያሳያሉ። ከሽማግሎችም ጋቢውን አስቀምጦ በግድግዳው ፊት ባቱን ሊሞክር የሚወድ ቢኖር ግድግዳው በጥላው በኩል ነው፤ አስቀድሞ ግን ከልጆቹ ጋር አንድ ዙር ይራመድ።